ከበሮው የማን ነው? ዕቃዎች የፍልሰትን ታሪክ እንዴት ይናገራሉ

ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም አንድ ከበሮ አለ። ብዙም ትልቅ አይደለም። ሃንስ ስሎን የተባለ ሐኪም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከየአገሩ ከሰበሰባቸው ብዙ ሺህ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ የመጣለትም ከሰሜን አሜሪካዋ ቨርጂኒያ ነው። ስሎን በ1753 ሲሞት ስብስቡ የሙዚየሙ መነሻ ሆነ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መዝገቡ ላይ «የሕንዶች ከበሮ» ተብሎ ሰፈረ። ሕንዶች የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ከቨርጂኒያ የመጣ ከበሮ ነዋ! ሌላ ማን ይሠራዋል?

ስሙ እንደዚያው ለረጅም ጊዜ ቆየ። ኋላ ላይ ግን አንዳንድ ባለሙያዎች ቅርጹን ልብ ብለው ሲያዩት ግራ ገባቸው። በዛሬዋ ጋና አካባቢ የሚኖሩት የአካን ሕዝቦች ከሚሠሩት ከበሮ ጋር ቁርጥ ነው። እንጨቱ ሲመረመር ነገሩ ለየለት። ገላው የተፈለፈለው እኛ ዋንዛ ከምንለው የዛፍ ዓይነት ነው። ዋንዛ የአፍሪካ ዛፍ ነው፣ ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ ከበሮው አትላንቲክን ተሻግሯል። በዚያ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ቨርጂኒያ ከበሮ ያደርሳል ተብሎ የሚታሰበው የባሪያ ንግድ መርከብ ነው። በዚያ ንግድ ወደ 12.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪካውያን መርከብ ላይ ተጭነዋል። በሰንሰለት የታሰረ ሰው ደግሞ ጓዝ አይዝም። ታዲያ ከበሮውን ማን ያዘው? መርከበኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ምርኮኞቹ ሰውነታቸው እንዳይደክምና ገበያ ላይ ዋጋቸው እንዳይወርድ መርከቡ ላይ በግድ ይጨፍሩ እንደነበር በደንብ ይታወቃል። ለጭፈራ ደግሞ ከበሮ ያስፈልጋል። እንግዲህ ያ «የሕንዶች ከበሮ» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ምን ያህል ሰው ከታሪክ እንደሰረዘ አስቡት።

ከበሮውን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ስለ ፍልሰት ስናወራ «ዕቃዎች ይናገራሉ» ማለት ይቀናናል። እኔ በዚህ ብዙም አላምንም። ዕቃ አፍ የለውም፤ የሚናገሩለት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች ደግሞ ይሳሳታሉ፣ አንዳንዴም አውቀው ይዋሻሉ። የታሪክ ባለሙያ ሥራ ዕቃውንና ወሬውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማፋጠጥ ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይሄ ነው፦ የሄደው ዕቃው ነው ወይስ ሰውየው?

ስዊድን ውስጥ ሄልጎ የምትባል ደሴት ላይ በ1956 ቁፋሮ ሲካሄድ ትንሽ የነሐስ ቡድሃ ተገኘ። የተሠራው በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በሕንድ ክፍለ አህጉር ሰሜን ምዕራብ ነው። እዚያው ሄልጎ ላይ ከአየርላንድ የመጣ የጳጳስ በትር ራስና ከግብፅ የመጣ ጭልፋም ተገኝቷል። እንግዲህ ቡድሂስቶች፣ አየርላንዳውያንና ግብፃውያን አንድ የስዊድን ደሴት ላይ ተጎራብተው ኖረዋል ልንል ነው? አንልም። ዕቃ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ፣ ከዘራፊ ወደ ዘራፊ እየተቀባበለ አህጉር ያቋርጣል። ከመነሻው እስከ መድረሻው አብሮት የተጓዘ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል።

ሰው ራሱ መጓዙን ለማወቅ ከፈለግን ከዕቃው ይልቅ ጥርሱን መጠየቅ ይሻላል። ነገሩ እንዲህ ነው። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሚሠራው በልጅነት ነው። አንዴ ከደረቀ በኋላ እንደ ሲሚንቶ ነው፣ አይታደስም። ሲሠራ ደግሞ ልጁ ከጠጣው ውሃና ከበላው ምግብ ኦክስጅንና ስትሮንቲየም የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። የውሃው ኦክስጅን እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል። ስትሮንቲየሙ ደግሞ እንደ አካባቢው አለት። ሰውየው አድጎ ሌላ አገር ሄዶ ቢሞት እንኳ ጥርሱ የልጅነት አገሩን ይዞ ይቀበራል። አጥንት ግን ቀስ እያለ ስለሚታደስ ይህን ያህል አይታመንም።

በ2002 እንግሊዝ ውስጥ፣ ስቶንሄንጅ ከተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አንድ መቃብር ተከፈተ። ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የቀስት ጫፎችና ሸክላዎችን ጨምሮ ወደ 100 የሚጠጉ ዕቃዎች ከሟቹ ሰው ጋር ተቀብረዋል። «የአሜስበሪው ቀስተኛ» ይሉታል። የመዳብ ቢላዎቹ መዳብ የመጣው ከስፔንና ከምዕራብ ፈረንሳይ ነው። ይህን ብቻ ብናይ «የስፔን ሰው ነው» ብለን ልንደመድም እንችላለን። ጥርሱ ሲመረመር ግን ሰውየው ያደገው በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ቢላዎቹ ወዲያ፣ ጥርሱ ወዲህ። ሁለቱም አልዋሹም፤ አንዱ የንግዱን መንገድ ነው የሚያሳየው፣ ሌላው የሰውየውን።

ጥርስም ቢሆን አድራሻ ቁልጭ አድርጎ አይሰጥም። ተመሳሳይ አለትና ተመሳሳይ አየር ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ምርመራው በእርግጠኝነት የሚናገረው «እዚህ አላደገም» የሚለውን ነው። «እዚያ ነው ያደገው» ለማለት ሌላ ማስረጃ መጨመር አለበት።

ከቀስተኛው ጋር የተቀበረው ዓይነት ሸክላ፣ ደወል የሚመስል ቅርጽ ያለው፣ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሰፊ ክፍል ይገኛል። ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት ኖረዋል። አንዱ ወገን «ሸክላው የተስፋፋው ሕዝቡ ስለፈለሰ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ሰዎች ከጎረቤት አይተው ነው የቀዱት» ይላል። በ2018 የወጣ ትልቅ የጥንት ዘረመል ጥናት ያስገረመው ሁለቱንም ልክ አድርጎ በማግኘቱ ነው። በስፔንና በፖርቹጋል በኩል ሸክላው ሲዛመት የሕዝቡ ዘረመል ብዙም አልተለወጠም። ብሪታንያ ላይ ግን በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ከነዋሪው ዘረመል 90 በመቶ ገደማው በአዲስ መጪዎቹ ተተካ። ሸክላው ያው ሸክላ ነው፣ ታሪኩ ግን ሁለት ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ወረቀት ይበዛል። ወረቀት ካለ ነገሩ የሚቀል ይመስላል። ጭራሽ ይባስ ይወሳሰባል እንጂ!

ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ያለችው ኤሊስ ደሴት ከ1892 እስከ 1954 ድረስ አሜሪካ ለመግባት የመጡ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ስደተኞችን አስተናግዳለች። ሐኪሞች ተሰልፎ የሚያልፈውን ሰው በሴኮንዶች ውስጥ ያዩታል። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ኮቱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጽፋሉ። ልብ ከሆነ አንድ ፊደል፣ ዓይን ከሆነ ሌላ። አንዳንዱ ብልጥ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ አልፏል ይባላል። ቀጥሎ መርማሪው የመርከቡን የተሳፋሪዎች መዝገብ ዘርግቶ ይጠብቃል። ጥያቄዎቹ፦ ሥራህ ምንድን ነው? የመርከቡን ማን ከፈለልህ? ማን ዘንድ ነው የምትሄደው? የሚጠብቅህ ሥራ አለ?

ወጥመዱ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። በ1885 የወጣ ሕግ አሠሪዎች ከውጭ አገር ሠራተኛ አስቀድመው ተዋውለው እንዳያስመጡ ይከለክል ነበር። ስለዚህ «አዎ፣ አጎቴ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቶልኛል» ያለ ሰው ሊመለስ ይችላል። «ሥራም የለኝ፣ ጉልበትም የለኝ» ያለም የመንግሥት ሸክም ይሆናል ተብሎ ይመለሳል። ትክክለኛው መልስ «ሥራ የለኝም፣ ግን ምንም ሥራ አያቅተኝም» የሚለው ነው። ይህን መንደር ውስጥ ያልሰማ ተጓዥ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ መዝገቡን ከፍቶ «ሰዎቹ ሥራ ሳይኖራቸው ነው የመጡት» የሚል ሰው እንግዲህ ያነበበው የሰዎቹን ሕይወት ሳይሆን ሕጉን ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ኤሊስ ደሴት በጣም የታወቀችውን ወሬ ላንሳ። «የአያታችንን ስም የለወጡት እዚያ ያሉት ጸሐፊዎች ናቸው» የሚል ቤተሰብ አሜሪካ ውስጥ ሞልቷል። መዝገቡ ግን የሚሞላው መርከቡ በተነሳበት ወደብ ነው። ኤሊስ ደሴት ላይ ያለው መርማሪ የተጻፈውን ከሰውየው ጋር ያመሳክራል እንጂ አዲስ ስም አያወጣም። ስሙን የለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ነው፤ ከቆይታ በኋላ፣ ለሥራ ወይም ለጎረቤት እንዲቀል ብሎ። ወሬው ለምን እንደሚመች ግን ይገባኛል። «አያቴ ስሙን ተወው» ከማለት «ወሰዱበት» ማለት ለልጅ ልጅ ይቀላል።

በእኔ ግምት በፍልሰት ታሪክ ውስጥ ከታዩ ዕቃዎች ሁሉ እንደ ቻይናውያኑ የማጥኛ ደብተር የሚያስገርም የለም። ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላል።

አሜሪካ በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለች። ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና የአሜሪካ ዜጋ ልጆች ግን መግባት ይችላሉ። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት፤ ተከትሎ የመጣው እሳት የከተማዋን የልደት መዝገቦች በላ። በቃ፣ በር ተከፈተ። ብዙ ቻይናውያን «እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ወረቀቴ ተቃጥሎ ነው» አሉ። አይደለም ብሎ የሚያስረዳ ሰነድ የለም። ዜግነት ያገኘው ሰው ቻይና ሄዶ ሲመለስ «ወንድ ልጅ ወለድኩ» ብሎ ያስመዘግባል። ልጁ ቢኖርም ባይኖርም ቦታው ተመዝግቧል። ያ ቦታ ለዘመድ ይሰጣል፣ ወይም ይሸጣል። በዚህ መንገድ የገቡትን «የወረቀት ልጆች» ይሏቸዋል።

መንግሥትም ነገሩ ገብቶታል። ከ1910 እስከ 1940 ድረስ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ኤንጀል ደሴት ላይ እያቆየ ይመረምራቸው ነበር። ምርመራው ጉድ ነው። ቤታችሁ ስንት መስኮት አለው? ሩዙ የሚቀመጠው የት ጋ ነው? የውሃው ጉድጓድ ከበራችሁ ስንት እርምጃ ነው? ሦስተኛው ጎረቤታችሁ ማን ይባላል? ያው ጥያቄ ለ«አባት» ለብቻው ይቀርባል። መልሱ ካልገጠመ ልጁ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ደብተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ልጁ» ገና ቻይና እያለ በእጅ የተጻፈ የጥያቄና መልስ ጥራዝ ይላክለታል። አንዳንዱ የመንደሩን ንድፍ ሳይቀር ይዟል፤ ቤቶቹ በረድፍ ተሥለው፣ የማን የማን እንደሆኑ ተጽፎባቸው። ልጁ የማያውቀውን መንደር፣ የማያውቃቸውን አያቶችና ጎረቤቶች መርከብ ላይ ሆኖ እንደ ፈተና ይሸመድዳል። ሳን ፍራንሲስኮ ሲቃረብ ደብተሩን ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል። ቢያዝበት አለቀለት። ዛሬ በሙዚየሞችና በመዝገብ ቤቶች ያሉት ሳይጣሉ የቀሩት ወይም የተያዙት ናቸው።

እንግዲህ ይህን ምን እንበለው? ከሽፋኑ እስከ ሽፋኑ ውሸት ነው። ሆኖም ሕጉ ምን ያህል እንዳጠበበ፣ ሰዎቹ ደግሞ ምን ያህል እንደተደራጁ ከዚህ በላይ የሚያሳይ እውነተኛ ሰነድ የለም። የምርመራው ቃለ ጉባኤም በመንግሥት መዝገብ ቤት ተቀምጧል። የልጅ ልጆች ዛሬ እሱን ሲያነቡ እውነተኛውን አያት ከወረቀቱ አያት መለየት አለባቸው። በ1956 መንግሥት «እውነቱን ተናዘዙ» የሚል ፕሮግራም ሲጀምር ብዙዎች ትክክለኛ ስማቸውን ተናገሩ፤ ብዙዎች ደግሞ ፈርተው ዝም አሉ። ስለዚህ አንዳንድ ቤተሰቦች ዛሬም በተገዛው ስም ይጠራሉ።

ደሴቲቱ ሌላም ነገር አስቀርታለች። ታጋቾቹ የእንጨቱ ግድግዳ ላይ ግጥም ይቀርጹ ነበር። አስተዳደሩ ቀለም ያስቀባበታል፣ እነሱ እንደገና ይቀርጻሉ። በ1970 ሕንጻው ሊፈርስ ሲል አንድ የፓርክ ጠባቂ ጽሑፉን አይቶ ጮኸ፤ ሕንጻውም ተረፈ። ከ200 በላይ ግጥሞች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ስም የላቸውም። መርማሪው ፊት ያልተባለው ሁሉ እዚያ አለ፦ ናፍቆት፣ ንዴት፣ «ምነው ባልመጣሁ» ማለት። ቃለ ጉባኤውንና ግድግዳውን ያጻፉት ያው ሰዎች ናቸው፣ ግን ሁለቱ የተለያየ ዓለም ይመስላሉ።

ወረቀት ሲጠፋስ? ታሪክ ጎደለ ብቻ አይባልም፣ ሰውም ይጎዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከካሪቢያን ደሴቶች ብዙዎች ወደ ብሪታንያ ሄደዋል። ሰኔ 22 ቀን 1948 ቲልበሪ ወደብ ላይ መንገደኞቿን ባወረደችው ዊንድረሽ መርከብ ስም «የዊንድረሽ ትውልድ» ይባላሉ። ሲገቡ የብሪታንያ ግዛት ዜጎች ስለነበሩ ከመንግሥት ወገን «ሌላ ወረቀት ያስፈልጋችኋል» ያላቸው አልነበረም። ብዙዎቹ በወላጆቻቸው ፓስፖርት የገቡ ሕጻናት ናቸው። መቼ እንደገቡ የሚያሳዩት ወደብ ላይ የተሞሉ ካርዶች መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበሩ። በ2010 ካርዶቹ ቦታ ያጣበቡ አሮጌ ወረቀቶች ናቸው ተብለው ተወገዱ። ኋላ ሕጉ ሲጠብቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ የኖሩ ሰዎች «መቼ እንደገባህ አስረዳ» ተባሉ። ሥራ ያጡ፣ ሕክምና የተከለከሉ፣ እስከ መባረር የደረሱም ነበሩ። በ2018 ነገሩ ፈንድቶ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ።

የዛሬው ፍልሰት ዕቃ ደግሞ አብዛኛው ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ የሚያልፈው ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ጄሰን ዴ ሊዮን በ2009 ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ የሚሻገሩ ሰዎች በአሪዞና በረሃ የጣሏቸውን ዕቃዎች እንደ አርኪዮሎጂ ቅርስ መሰብሰብ ጀመረ። የተቀደደ የጀርባ ቦርሳ፣ የሕጻን ጫማ፣ የጸሎት ካርድ፣ ዱካ እንዳይታይ ሶሉ ላይ ምንጣፍ የተሰፋበት ጫማ። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ጥቁሩ የውሃ ጀሪካን ነው። ድሮ ተሻጋሪዎቹ የሚይዙት ነጭ ፕላስቲክ ነበር። ነጩ በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ ለድንበር ጠባቂም ይታያል ብለው ጥቁር ይቀቡት ወይም በጨርቅ ይሸፍኑት ጀመር። ይህን ያዩ ፋብሪካዎች ጥቁር ጀሪካን አምርተው ገበያ ላይ አዋሉ። ጥቁር ግን ሙቀት ይስባል። ውሃው ይፈላል ማለት ይቻላል። ሰውየው እንዳይታይ ብሎ የማይጠጣ ውሃ ተሸክሞ በረሃ ይገባል። አሜሪካ ከ1994 ጀምሮ በከተሞች አካባቢ ያለውን ድንበር አጥብቃ ሰዎቹን ወደ በረሃው የገፋችበት ፖሊሲ ከነንግዱ እዚያ ጀሪካን ውስጥ አለ።

በሜዲትራኒያን በኩል ደግሞ ዕቃው የሚነበበው ባለቤቱን ለመለየት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ስደተኞች ጭና የሰጠመችውን ጀልባ የጣልያን መንግሥት በቀጣዩ ዓመት ከባሕር አወጣት። የሚላኗ የአስከሬን መርማሪ ክሪስቲና ካታኔዮና ባልደረቦቿ የሟቾቹን ልብስ ሲፈትሹ የአንድ ልጅ ጃኬት ውስጥ የተሰፋ ወረቀት አገኙ። ልጁ 14 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ ከማሊ ነው። ወረቀቱ የትምህርት ቤት ውጤት ማሳያው ነበር። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ከነማርኩ። በውሃ እንዳይበላሽ ወይም እንዳይጠፋ ተጠንቅቆ የተሰፋ። ለምን እንደያዘው የሚነግረን የለም። ጎበዝ ተማሪ መሆኑን ለማሳየት ፈልጎ ነው ብሎ መገመት አይከብድም፤ ግምት መሆኑን ግን መርሳት የለብንም።

እቤታችሁ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ከተማ በሰው እጅ የመጣ ነገር ካለ፣ ሥራው ቀላል ነው። አታጥቡት፣ አታሳምሩት፤ እድፉም ማስረጃ ነው። ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት። ያመጣው ሰው በሕይወት ካለ ዕቃውን እጁ ላይ አስቀምጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱት። «ስለ ስደትህ ንገረኝ» ብትሉት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። «ይህችን የት ገዛሃት? መንገድ ላይ ማን ያዘልህ? ምን ትተህ ነው ይህን የያዝከው?» ብትሉት ግን ይከፈታል። ስትጽፉ ራሱ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ከወረቀቱ ጋር የማይገጥም ነገር ከተናገረ አታርሙት፤ ሁለቱንም ጻፉ፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምሩበት። ቅጂውንም አንድ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ስልክ ከሻንጣ ቶሎ ይጠፋል።